ሰልጥነው ሲወጡ ማን ይቀጥራቸዋል? ለሥራ አጥ የፍልስጤም ወጣቶች ያሉ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በኦክቶበር 2023 ከተጀመረው የጋዛ ጦርነት በፊት እንኳን ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ከያዙ የፍልስጤም ወጣቶች ግማሽ ያህሉ ሥራ አልነበራቸውም። በሴቶች ላይ ይብሳል። ጋዛ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። ስለዚህ "ወጣቶቹን እናሰልጥን" የሚል ጥሪ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ሰልጥነው ሲወጡ ማን ይቀጥራቸዋል?

ይህን የምጽፈው ገንዘባችሁን፣ ጊዜያችሁን ወይም ሙያችሁን ለእነዚህ ወጣቶች ለማዋል ለምታስቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ መዋጮ የምታሰባስቡ አላችሁ። አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የምትልኩ አላችሁ። እርዳታ ድርጅት ተቀጥራችሁ ፕሮጀክት የምትጽፉም አላችሁ። የሚቀርብላችሁ አማራጭ ብዙ ነው። ሁሉም ፎቶው ያምራል፣ ሁሉም ላይ የሚስቁ ወጣቶች አሉ። ውስጡ ሲገባ ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያል። ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስልጠናውን ከመመዘናችሁ በፊት መንገዱን መዝኑ

እስከ ኦክቶበር 2023 ድረስ በዌስት ባንክ ሥራ አጡ ከመቶ 13 ገደማ ነበር። ጋዛ ከመቶ 45 አካባቢ። ጦርነቱ በተጀመረ በዓመቱ ዌስት ባንክ ከመቶ 30 አለፈ፣ ጋዛ ወደ 80 ተጠጋ። ሰዎቹ ሙያ ስለጠፋባቸው የመጣ ነገር አይደለም። የደሞዝ ምንጮቹ ባንድ ጊዜ ደረቁ። እስራኤል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፈቃዳቸው ታገደ። የፍልስጤም አስተዳደር ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ለሠራተኞቹ ሙሉ ደሞዝ መክፈል አቅቶታል፤ ስለዚህ መምህሩም ነርሷም ሱቅ ገብተው እንደ ድሮው አይገዙም። ባለሱቁ ደግሞ ገዢ ካጣ አዲስ ሰው አይቀጥርም።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። በ2025 መጀመሪያ የተመድ ሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ዌስት ባንክ ውስጥ ከ800 በላይ የመንገድ መሰናክል ቆጥሯል። ወታደር የቆመበት ኬላ አለ። የሚቆለፍ የብረት በር አለ። በዶዘር የተከመረ አፈር አለ። ጠዋት ክፍት የነበረው ማታ ይዘጋል። ራማላ ያለ ጥሩ ሥራ ጄኒን ላለች ልጅ በካርታ ላይ ቅርብ ነው። በእግሯ ግን ሌላ አገር ነው። እንግዲህ ማንኛውንም ፕሮግራም ስትመዝኑ ይህ መንገድ አይናችሁ ፊት ይሁን።

ረጅሙ መንገድ፦ ቴክኒክና ሙያ

ይህ ሥሩ የጠለቀ ነው። የተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት፣ ሁሉም በአጭሩ ኡንርዋ የሚለው፣ በእየሩሳሌምና በራማላ መሃል ያለውን የቃላንዲያ ማሰልጠኛ የከፈተው በ1953 ነው። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ መኪና ጥገና፣ አናጺነት። የስደተኛ ካምፕ ልጆች አንድ ሁለት ዓመት ተምረው ይወጣሉ። ቱልካርም ያለው የካዱሪ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተጀመረው በ1930 በግብርና ትምህርት ቤትነት ነው። ገንዘቡ የመጣው ሆንግ ኮንግ ይኖር ከነበረ ኤሊስ ካዱሪ ከሚባል የባግዳድ አይሁዳዊ ነጋዴ ኑዛዜ ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

የእኛ አንባቢ የሚያውቃቸው ስሞችም አሉ። ዶን ቦስኮ አንዱ ነው። አዲስ አበባና መቀሌ ልጆችን ሙያ ሲያስተምሩ የምናውቃቸው ሳሌዥያኖች ቤተልሔም ውስጥ ከ1891 ጀምሮ አሉ። ሥራው ከዚያም በፊት በ1863 በአንድ ቄስ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ነው የተጀመረው። ለገና ቤተልሔም የሄደ ምዕመን የወይራ እንጨት መስቀል ሳይገዛ አይመለስም። ያንን ቅርጽ የሚያወጡ እጆች ያሉት በዚህች ከተማ ነው። ችግሩ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ተሳላሚና ቱሪስት በጣም መቀነሱ ነው። የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ስልጠና እንርዳ የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ መስቀሉን የት እንደሚሸጡት ጠይቁት። በኦንላይን ውጭ አገር የሚልኩበት መላ ካለ ጥሩ። ከሌለ ልጁ ጥሩ እጅ ይዞ ቤቱ ይቀመጣል።

ሌላው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ማሰልጠኛ ነው፣ መካነ ኢየሱስም አባል የሆነችበት ማለት ነው። ምስራቅ እየሩሳሌም ቤት ሐኒና ላይ ከ1964 ጀምሮ ያስተምራል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ከሚባለው በ2000 ከተነሳ የፍልስጤማውያን አመጽ በኋላ የዌስት ባንክ ልጆች ወደ እየሩሳሌም መግባት እየከበዳቸው ሄደ። መምህሩ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ተማሪው ግን ኬላ ላይ ቀረ። ስለዚህ በ2004 ራማላ ላይ ሁለተኛ ማሰልጠኛ ከፈቱ። ተማሪው መምጣት ሲያቅተው ትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ሄደ። አንድን ድርጅት እንደ ቁም ነገረኛ እንዳየው የሚያደርገኝ እንዲህ ያለ ውሳኔ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ምንድን ነው? እጁ ላይ ሙያ ያለው ልጅ የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። ኬላ ቢዘጋ እዚያው መንደሩ ውስጥ የተበላሸ ማቀዝቀዣ አለ፣ የሚፈስ ቧንቧ አለ፣ ጣራ ላይ የሚሰቀል ሶላር አለ። ጉዳቱ ጊዜው ነው። ደሃ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ያለ ገቢ መጠበቅ ይከብደዋል። ደግሞ ንቀቱ አለ። ታውጂሂ የሚባለውን የ12ኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ልጅ ነው ሙያ የሚማረው የሚል አመለካከት እዚያም አለ። ይህን ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

አደጋውም ቀላል አይደለም። የእስራኤል ፓርላማ በኦክቶበር 2024 ኡንርዋን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በፌብሩዋሪ 2025 የእስራኤል የጸጥታ ኃይሎች ቃላንዲያ ገብተው ተማሪዎቹ ባስቸኳይ እንዲወጡ አዘዙ። ጋዛ ያለው የኻን ዩኒስ ማሰልጠኛ ደግሞ በጦርነቱ መጠለያ ሆኖ በአስር ሺዎች ሰዎች ሰፈሩበት። በጃንዋሪ 24 ቀን 2024 በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ቢያንስ 12 ሰዎች ሞቱ። ብየዳ ሊማሩበት የተሠራ ግቢ ነበር።

አሰሪው አስቀድሞ የታወቀበት አጭር ስልጠና

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ዌስት ባንክ ላይ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

ብዙ ስልጠና የሚጀመረው ከመምህሩ ነው። ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ስላለ ኮምፒውተር ይሰጣል። ኢኤፍኢ በሚል ምህጻር የሚታወቀው፣ ሙሉ ስሙ ኤጁኬሽን ፎር ኢምፕሎይመንት የሆነው ድርጅት ግን የሚጀምረው ከአሰሪው ነው። ድርጅቱን በ2006 ያቋቋመው ሮን ብሩደር የሚባል አሜሪካዊ የሪል እስቴት ነጋዴ ነው። ዛሬ ከሞሮኮ እስከ የመን በየአገሩ የራሱ ቅርንጫፍ አለው፣ ፍልስጤምም አንዷ ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ኩባንያው ጋ ይሄዳሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው የቸገራችሁ? ስንት? ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ይዘው ወጣቶቹን ይመለምላሉ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት አሰሪው የጠየቀውን ያሰለጥኗቸዋል። ሽያጭ ሊሆን ይችላል፣ ሒሳብ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ የቢሮ እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ልጁ ቃለ መጠይቅ ላይ ይቀርባል።

ይህ የሚረዳው የትኛውን ወጣት ነው? ዲግሪ ያላትን፣ ግን የሚያውቃት ሰው የሌላትን። እዚያ "ዋስታ" ይሉታል። እኛ በዘመድ መቀጠር የምንለው ነው። ናብሉስ ውስጥ በጥሩ ውጤት የተመረቀች የካምፕ ልጅ ማመልከቻዋን ባንክ ብታስገባ ማን ያነበዋል? አጎቷ ሥራ አስኪያጁን አያውቀውም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንደ አጎት ሆኖ በሩን ያንኳኳላታል። የስልጠናው ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኤክሴሉን ከዩቲዩብም ትማረዋለች።

አሁን ደካማ ጎኑን እንይ። የፍልስጤም ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2022 ጀምሮ በወር 1,880 ሸቀል ነው (ሸቀል እዚያም የሚሠራበት የእስራኤል ገንዘብ ነው)። ይህንንም የማይከፍል አሰሪ ብዙ ነው። እንበልና ልጅቷ ሥራው ተገኘላት። ከመንደሯ እስከ ሥራ ቦታዋ በቀን 30 ሸቀል ለታክሲ ብታወጣ፣ በ22 የሥራ ቀን 660 ሸቀል ነው። ከደሞዟ ሲሶው በላይ መንገድ ላይ ቀረ። ምሳና የስልክ ካርድ ጨምሩበት። ኬላው ተዘግቶ አርፍዳ የገባችበት ቀን ከተቆረጠባት ደግሞ አስቡት። በሦስተኛው ወር ብታቆም ሰነፍ አይደለችም። ሒሳቡ ስላልሠራላት ነው።

ድርጅቱ ሪፖርት ላይ ግን እሷ "ሥራ ያገኘች" ተብላ ተቆጥራለች። ስለዚህ "ስንት ሰው ሥራ አስያዛችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ሥራ ካስያዛችኋቸው በስድስተኛው ወር ስንቱ እዚያው አሉ?" በሉ። በደንብ የሚሠራ ድርጅት ይህን ቁጥር በእጁ ይዞታል። ደግሞም አሰሪ ሲከስር የገባው ቃል አብሮ ይከስራል። ከ2023 ወዲህ ሠራተኛ የቀነሰ ኩባንያ በዝቷል። የትኞቹ አሰሪዎች አሁንም አብረዋችሁ አሉ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ላፕቶፑ፦ ኮዲንግና ፍሪላንስ

ይህ ኬላ የለውም፣ ቢያንስ ሲያዩት። ጋዛ ስካይ ጊክስ የተባለው ማዕከል በ2011 መርሲ ኮርፕስ በሚባል እርዳታ ድርጅትና በጉግል ገንዘብ ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ልጁ ከጋዛ መውጣት ካልቻለ ሥራው ጋዛ ይግባ። ኮዲንግ አስተማሩ፣ በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ በየሥራው እየተከፈሉ ሲሠሩ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ አስተማሩ። ከቤት መውጣት ለሚከብዳቸው ሴቶች ትልቅ በር ከፈተ።

ዌስት ባንክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ግን በኩባንያ መልክ። አሳል ቴክኖሎጂስ የሚባለው ድርጅት ባሻር ማስሪ በሚባል ፍልስጤማዊ ባለሀብት በተገነባችው የራዋቢ ከተማ መሐንዲሶች አሉት። የእስራኤሉ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሜላኖክስ በእነሱ በኩል ፍልስጤማውያን መሐንዲሶችን ያሠራ ነበር። በ2020 ሜላኖክስን ኤንቪዲያ ሲገዛው ልጆቹ የዓለም ትልቅ የቺፕ ኩባንያ ሥራ ውስጥ ራሳቸውን አገኙት።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሆኖም እዚህ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የኮምፒውተር ዲግሪና ጥሩ እንግሊዝኛ ይዞ የመጣ ልጅ። አንድ የሦስት ወር ኮዲንግ ኮርስ "ማንኛውንም ሥራ አጥ ፕሮግራመር እናደርጋለን" ካላችሁ ብራችሁን ያዙ።

ላፕቶፑም የራሱ ኬላ አለው። ዌስት ባንክ 3ጂ ኢንተርኔት ያገኘው በጃንዋሪ 2018 ነው። ጋዛ ያኔም በ2ጂ ቀረች። መብራት በ2017 ጋዛ ውስጥ በቀን አራት ሰዓት ያህል ነበር የሚመጣው። ፍሪላንሰሩ ሥራውን ጨርሶ ፋይሉን ሊልክ ሲል መብራት ይሄዳል። ጀርመን ያለው ደንበኛ ይህን አያውቅም። ዘገየ ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ሲወርድ ቀጣዩ ሥራ ይቀራል። ክፍያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፔይፓል ለዌስት ባንክና ለጋዛ ፍልስጤማውያን አገልግሎት አይሰጥም። እዚያው ዌስት ባንክ፣ ሰፈራ ውስጥ የሚኖር እስራኤላዊ ግን ይጠቀምበታል። ስለዚህ ኮርሱ ስለ ኮድ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ እንዴት እጅ እንደሚገባ የሚያስተምር መሆኑን አጣሩ። ሶላር፣ ባትሪና የጋራ የሥራ ቦታ ያለው ማዕከል ከሌለው በእጥፍ ይሻላል።

እናንተ ራሳችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ካላችሁ ከገንዘባችሁ ይልቅ የሚፈለገው በሳምንት አንድ ሰዓታችሁ ነው። አንድ ልጅ የሠራውን ኮድ አይታችሁ አርሙለት። ለመጀመሪያ ቃለ መጠይቁ አለማምዱት። እኛ ስንጀምር እንዲህ ያለ ሰው ስንት ጊዜ ተመኝተናል።

በቀን ሥራ የሚከፈል እርዳታ

እኛ ሴፍቲኔት የምንለው ዓይነት ነው። ለጥቂት ወራት ይቀጥራል፣ መንገድ ያስጠርጋል፣ ክሊኒክ ውስጥ ያሠራል፣ ደሞዝ ይከፍላል። ኡንርዋ ጋዛ ውስጥ ለዓመታት ሠርቶበታል። ሲያልቅ ያልቃል። ልጁ ዲግሪውን ይዞ ወደነበረበት ይመለሳል።

ዛሬ ጋዛ ላይ ግን ሐሳቤን ለውጬበታለሁ። ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍርስራሽ ይነሳል። የውሃ መስመር ይዘረጋል። ቤቶች ኤሌክትሪክ ይገባላቸዋል። የሚበላው ያጣ ልጅ ክፍል ተቀምጦ ብየዳ አይማርም። ጠዋት ተከፍሎት ፍርስራሽ እያነሳ፣ ከሰዓት ከአንድ ባለሙያ ሥር ቧንቧ የሚማርበት ፕሮግራም ካገኛችሁ፣ ጋዛ ላይ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው።

ከሁሉም ጋር የሚፎካከረው ፈቃድ

ይህ ስልጠና አይደለም። ሳላነሳው ካለፍኩ ግን ንጽጽሩ ይጎድላል። እስከ ኦክቶበር 2023 ከ150,000 በላይ የዌስት ባንክ ፍልስጤማውያን እስራኤል ውስጥና ሰፈራዎች ላይ ይሠሩ ነበር። ከጋዛም ወደ 18,500 ፈቃድ ነበር። ግንባታ ላይ የሚሠራ ልጅ አገር ቤት ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ያገኝ ነበር። እና ኬብሮን ውስጥ ያለ ወጣት ለምን ሁለት ዓመት ቧንቧ ይማር ነበር?

ግን የፈቃድ ደላላ ነበር። "ሲምሳር" ይሉታል። ወደ አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንን ያየ ሰው ይህን ደላላ ወዲያው ያውቀዋል። በወር እስከ 2,500 ሸቀል ይቀበል ነበር። የአገር ቤቱን ሙሉ የወር ዝቅተኛ ደሞዝ አልፎ ማለት ነው። እስራኤል በ2020 መጨረሻ ሥርዓቱን ላሻሽል ብላ ነበር፣ ደላላው ግን አልጠፋም። ጦርነቱ ሲመጣ ፈቃዱ ባንድ ቀን ተዘጋ። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች በግንባታ ቦታው ላይ በምትካቸው ከሕንድ የመጡ ሠራተኞችን አይታችሁ ይሆናል።

ከዚህ የምወስደው አለ። ለዓመታት በኮንክሪትና በሴራሚክ ሥራ የተካኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዛሬ ወረቀት ሳይኖራቸው ቤት ተቀምጠዋል። እነሱን እንደ አዲስ ማሰልጠን አያስፈልግም። ያላቸውን ችሎታ ፈትኖ ሰርተፊኬት መስጠት፣ ትንሽ የዕቃ መግዣ ማበደር በቂ ነው። በትንሽ ብር ብዙ የሚሠራው እዚህ ነው፣ ግን ፎቶው ስለማያምር ጥሪ ላይ ብዙም አይታይም።

ለማን የትኛው?

ዲግሪ ይዛ ከተማ አካባቢ ለምትኖር፣ ዘመድ ለሌላት ልጅ፣ አሰሪው የታወቀበት አጭር ስልጠና። ትራንስፖርቷ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከተሸፈነላት ነው የምላችሁ።

ትምህርት ላቋረጠ የመንደር ልጅ ቴክኒክና ሙያ። ሲመረቅ የሥራ ዕቃ ሳጥን አብሮ የሚሰጥ ከሆነ በጣም ጥሩ። መፍቻ የሌለው መካኒክ መካኒክ አይደለም።

እንግሊዝኛው ጥሩ ለሆነና መውጫ ለሌለው ላፕቶፑ። ጋዛ ላይ የሚከፈልበት ሥራ ከሙያ ጋር።

ሊባኖስ ካምፕ ውስጥ ላለ የፍልስጤም ስደተኛ ነገሩ ይለያል። እዚያ ቢያንስ 39 ሙያዎች ለፍልስጤማውያን ዝግ ናቸው፣ ሕክምናና ምህንድስና ጭምር። ስለዚህ ከኮርሱ በፊት ሕጉን ማየት ግድ ነው። ኡንርዋ ሲብሊን ላይ ያለው ማሰልጠኛ የሚያስተምረው የእጅ ሙያ እዚያ ከዲግሪ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለድርጅቱ ኢሜይል ስትጽፉ አታርዝሙት። ባለፈው ዙር ስንት ጨረሱ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ደሞዝ እየተቀበሉ ነው፣ ደሞዙ ከ1,880 በላይ ነው ወይስ በታች፣ ኬላ ሲዘጋ ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ "ተማሪዎቹ እስኪመጡ እንጠብቃለን" የሚል እና "ክፍሉን ወደ እነሱ ወስደናል" የሚል መልስ እኩል አይደለም። መስጠት ስትጀምሩ ደግሞ ገንዘቡ ለአዲስ ኮርስ ሳይሆን ለሠልጣኞቹ ታክሲ፣ ለኢንተርኔትና ለባትሪ እንዲውል ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ለእነዚህ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ያቺ የናብሉስ ልጅ ግን በሦስተኛው ወር ሥራዋን የምታቆመው በ660 ሸቀል ምክንያት ነው።